እሁድ በአራት ሰዓት

ከሆሳዕና የወጣሁት በጨለማ አይደለም። ሌላው ሰው ሲሰደድ ሌሊት ተነስቶ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ እናቱን በር ላይ ስሞ ነው። እኔ ግን እሁድ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ፀሐይ ግንባሬን እየመታኝ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ በዋናው አስፋልት መሃል ለመሃል ሄድኩ። አንድ ሰው አላየኝም። ሱቁ ዝግ ነው፣ ባጃጁ ቆሟል፣ ስልኩ ጠፍቷል፣ ከተማው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቴም እዚያው ናት፤ “ትንሽ አሞኛል፣ ዛሬ ልቅር” ስላት ግንባሬን ዳስሳ፣ “እጸልይልሃለሁ” ብላኝ ሄዳለች። በዚያ ሰዓት ሆሳዕና ውስጥ ብትሄድ ማንም እንደማያይህ፣ ብትናገር ማንም እንደማይሰማህ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከየት እንዳወቅኩት ነው የምነግራችሁ፤ ገና ሳልጀምር ፊቴ እየተቃጠለ ነው።

በረከት እባላለሁ። በከተማችን አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ውስጥ እሰራ ነበር፤ ድምፄን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ፕሮግራም አዘጋጃለሁ፣ እቀዳለሁ፣ የሚተላለፍበትን ሰዓት የማወጣውም እኔው ነኝ። ምርጫ ሲደርስ ከመንግስት ደንብ ይመጣል፤ ጣቢያዎች ሚዛናዊ ይሁኑ ይላል። ለየተወዳዳሪው የሚሰጠው ደቂቃ ተደልድሎ በወረቀት ይላክልናል፣ እኛ ደግሞ ቅጽ ላይ እንሞላለን፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ደንብ አይደለም፤ ዘመድም ገንዘብም የሌለው ሰው ማይክ ፊት የሚቀመጠው በሱ ነው። ግን ደንቡ የሚቆጥረው ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስንት ሰው እንደሰማ የሚጠይቅ የለም።

መምህር ላምቤቦ በግል ነበር የሚወዳደሩት። የጊምቢቹ ሰው ናቸው፣ ሆሳዕና ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ሃያ ደቂቃቸውን ሊቀዱ ሲመጡ ንግግራቸውን በደብተር ወረቀት ጽፈው፣ ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው ነው የመጡት፣ ዝናብ እንዳይነካው። ማንንም አልሰደቡም። ስለ ጊምቢቹ ውሃ ተናገሩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተናገሩ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉትና፣ “ልጆቻችንን ወደ ደቡብ አፍሪካ ላክን፣ በምትካቸው የቆርቆሮ ቤት ተቀበልን። ቤቱ አለ፣ የሚኖርበት ልጅ ግን የለም። ልጅ የሚያስቀር ነገር እዚሁ እንስራ” አሉ።  እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ አለቃዬ ብቅ ብሎ፣ “ያ መምህር ጥሩ ተናገረ አሉ” አለኝ። ፊቱን ቅጭም አድርጎ ወጣ። እዚህ ሰዓት ላይ አድርገው አላለኝም፤ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማሳብበው ሰው ይኖረኝ ነበር። የሌሎቹን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከዜና በኋላ አደረግኩ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስቼ የመምህርን እኔው ራሴ “እሁድ፣ 4፡00” ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ቅጹን አየና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ!

መምህር ደውለው፣ “መቼ ነው ልጄ?” ሲሉኝ፣ “ቅዳሜና እሁድ ውስጥ ነው መምህር፣ ሬዲዮዎን ይክፈቱ” አልኳቸው። ጊምቢቹ ውስጥ ሰዉ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ቅዳሜን ሙሉ ሬዲዮ ከቦ ዋለ አሉ። እሁድ ሲነጋ ነጠላውን ለብሶ ወደ አምልኮ ሄደ፤ መምህርም ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። ያንን ንግግር ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሰማሁት።

ሰኞ ጠዋት መጡ። “ልጄ፣ ሰዉ አልሰማንም እያለኝ ነው” አሉ፣ ሳይቆጡ። ቅጹን አወጣሁ። “ይኸው መምህር፣ ሃያ ደቂቃ፣ እንደ ሁሉም” አልኩና ሰዓቱ የተጻፈበትን ቦታ በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ ፈረሙ። “ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ያኔ አልፎኝ ይሆናል። ተባረክ፣ እንደ ሁሉም ስላየኸኝ” አሉኝ። ተቆጣጣሪውም መጥቶ ደቂቃውን ደምሮ፣ “እንዲህ ነው ሚዛናዊነት!” ብሎ አመሰገነኝ።

መምህር አላለፉም። ቢሰማ ኖሮ ያልፉ ነበር አልልም፣ አላውቅም፤ ማንም እንዳያውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ከተማው ጠበበኝ። ገበያ ስወጣ መምህር፣ ባንክ ስሄድ መምህር፣ ባገኙኝ ቁጥር እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ይመርቁኛል። ደሞዙም አላወላዳ አለኝ፣ ይህንንም አልደብቅም። የአክስቴ ልጅ ሳሙኤል ጆሃንስበርግ አጠገብ ሱቅ አለው፤ ና አለኝ። ደላላው አዲሎ ከተማ ላይ ይጠብቅሃል ሲባል በየትኛው ሰዓት እንደምወጣ ለማሰብ እንኳ አልተቸገርኩም።

መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አላደክማችሁም። ኬንያ ውስጥ አንድ ቤት ቆልፈውብን ስንት ቀን እንደተኛን እንጃ፤ አብዛኞቻችን የሀዲያና የከምባታ ልጆች ነን። ማቴዎስ የሚባል የዱራሜ ልጅ፣ “አንተ ጋዜጠኛው፣ እስቲ አንድ ነገር አውራን፣ ልንፈነዳ ነው” አለኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የመምህርን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ ወጣሁት። 

“ይህንን ማነው የተናገረው?” አለኝ ማቴዎስ።

“አንድ መምህር። ሬዲዮ ላይ ነው።”

“መቼ ተላለፈ? እኛ ቤት ሬዲዮ ጠፍቶ አያውቅም!”

“እሁድ ጠዋት በአራት ሰዓት።”

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። “ወይ ጉድ! በዚያ ሰዓት ማን ይሰማዋል? ምን ዓይነት ደደብ ነው ያን ሰዓት የሰጠው?” አለ አንዱ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማቴዎስ ግን አልሳቀም፤ ግድግዳውን እያየ፣ “አባቴ ቢሰማው ኖሮ ከብቱን ሸጦ አይልከኝም ነበር ይሆናል” አለ። ከዚያ በኋላ አጠገቡ መተኛት ከበደኝ።

እንግዲህ ደቡብ አፍሪካ ገባሁ። እዚህ ሱቅ ውስጥ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው የምንውለው፤ ሳንቲሙን በቀዳዳ እንቀበላለን፣ ዳቦውን በቀዳዳ እንሰጣለን። ፓፕ የሚሉት ነጭ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው፤ ቆጮ በጎመን ያደገ ሆድ እሺ አይለውም። ሰኔ ላይ ብርዱ የኛኑ ያህል ይበርዳል፣ ግን ዝናብ የለም፣ ጭጋጉም የለም፣ ደረቅ ብርድ ነው። ወረቀት ለማውጣት ወደ ስደተኞች ቢሮ ስሄድ ሳሙኤል፣ “ደሞዝ አነሰኝ እንዳትል፣ ይመልሱሃል። ጋዜጠኛ ነህ፣ ተጠቀምበት” ብሎ መከረኝ።

የጠየቀችኝ ሴትዮ ደልደል ያለች፣ የቤተ ክርስቲያኗን ባጅ ደረቷ ላይ ያደረገች ናት።

“ለምን ከሀገርህ ወጣህ?”

“በመናገር ነፃነት ምክንያት።”

“ታሰርክ?”

“አልታሰርኩም።”

“ተደበደብክ?”

“ኧረ አልተደበደብኩም።”

“ታዲያ ምን ሆንክ?”

የመምህርን ነገር ጀመርኩላት። “ስንት ደቂቃ ተሰጠው?” አለች። “ሃያ” አልኩ። “ለሌሎቹስ?” “ለሁሉም ሃያ።” እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ወንድሜ፣ እኔ ቤቴ ውስጥ ከባሌ እኩል ደቂቃ አግኝቼ አላውቅም። በደሉ የቱ ጋ ነው?”

“እሁድ ጠዋት፣ አምልኮ ሰዓት ላይ ነበር” አልኳት።

ክው አለች። ቢሮ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቶሎ የገባው ለሷ ነው። “በአምልኮ ሰዓት! ይህንን ያሰበ ማን ነው?”

“አለቃዬ” አልኩ።

“አንተስ?”

“ተቃወምኩ። አባረሩኝ።”

“ባለጌ!” አለች፣ አለቃዬን ማለቷ ነው፤ ጎንበስ ብላ ጻፈችው። እኔ አውራ ጣቴን እያየሁ ተቀመጥኩ። ስትጨርስ፣ “ከዚያ መምህር ደብዳቤ አምጣ፣ ነገሩ ያልቃል” አለችኝ።

ማክሰኞ ደወልኩላቸው። “በረከት! በሕይወት አለህ ልጄ?” ብለው ጮኹ። ደብዳቤ እንደምፈልግ፣ ምን እንደሚጻፍበትም ነገርኳቸው።  ከዚያ፣ “እኔ እኮ እስከ ዛሬ መብራቱን ነበር የማማው። በአምልኮ ሰዓት ኖሯል! አንተ ለኔ ተሟግተህ ነው እንጀራህን ያጣኸው?” አሉኝ።

“አዎ መምህር” አልኩ። አዎ አልኩ፣ እናንተዬ!

እያለቀሱ፣ “ደብዳቤውን ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ደግሞ በሚመጣው እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ እናትህን ከፊት አስቀምጠን እንጸልይልሃለን። ሰው ሁሉ ይስማ” አሉ።

ደብዳቤው ረቡዕ በስልኬ መጣ፤ አሳትሜዋለሁ፣ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ሐሙስ እውነቱን ልነግራቸው ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩት። አርብም እንደዚያው። ቅዳሜ ሱቁ ሰው በዝቶበት ነበር ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እሁድ ከእንቅልፌ ስነቃ ነው የደነገጥኩት፤ እዚህ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ አራት ነው። የመምህርን ስልክ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። የእናቴን ደወልኩ፣ ዝግ ነው። የጎረቤቷን፣ የአጎቴን፣ የቀድሞ አለቃዬን ሳይቀር ደወልኩ። አንድ የተከፈተ ስልክ ሆሳዕና ውስጥ አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ። “ልጄ፣ ቤቱ እስከ ደጅ ሞልቶ ነበር። ከጊምቢቹ ሳይቀር መጥተዋል። ሰው ሁሉ ሰማ” አሉኝ። እናቴ ከጎናቸው ሆና እልል ትላለች፣ መልሳ ታለቅሳለች።

“መምህር፣ የምነግርዎት ነገር አለ” አልኩ።

“ንገረኝ ልጄ፣ እየሰማሁህ ነው” አሉ።

መስመሩ ያን ቀን ጥርት ያለ ነበር፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማኛል። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።