በአንሻ ክፍል የጻፍኩት ግምገማ

ጣልያንኛ ማስተማር የጀመርኩት ደሴ፣ አንድ የግል የቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን የአንድ ግሥ እርባታ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ «ሸምድዱ!» አልኩና ተቀመጥኩ። ለብዙ ዓመት እንደዚያው አስተማርኩ።

አንሻ ተማሪዬ ነበረች፤ የሐርቡ ልጅ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የጣልያን ማሽን ላይ የምትሠራ። ጎበዝ ስለነበረች ራሴ እዚያው በመምህርነት አስቀጠርኳት። ፋብሪካውን ትታ መጣች።

በወሩ የክፍሌ ግማሽ ወደሷ ተዛወረ። በኮሪደሩ ሳልፍ የሳቃቸው ድምፅ ይከተለኛል።

ርእሰ መምህሩ ጠራኝ። «አንጋፋው አንተ ነህ። ገብተህ ገምግማት። ቋሚ ላድርጋት ወይስ ላሰናብታት?»

ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። አንሻ በላቲን ፊደል «ላቮራሬ» ብላ ጻፈች፤ መሥራት ማለት ነው። ቁርአን ቤት ፊደል እንደሚያስቆጥሩት እያስጨበጨበች አስባለቻቸው፦ ላ፣ ቮ፣ ራ፣ ሬ። ቀጥላ «ላቮር» የሚለውን ብቻ በቀይ ጠመኔ አሰመረችበት።

«ጭብጨባው ለምላሳችሁ ነው፤ ቀዩ ግን የግሡ ግንድ ነው፣ አይነካም። ጅራቱን ብቻ ቀያይሩ።»

ከደጋን የምትመላለስ አንዲት እናት ተነሥታ አይታው የማታውቀውን ግሥ ሳትደናቀፍ አረባች። እኔ ክፍል ሦስት ወር አንገቷን ደፍታ የከረመች ሴት ናት። ቀናሁ።

«ጩኸት ይበዛል። የሰዋስው ዕውቀቷ ግልብ ነው። ለቋሚነት አትበቃም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ርእሰ መምህሩ እኔው ፊት አነበበላት። ትከራከራለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ወደኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ካሉ ልክ ነው። ወላሂ አላወቅሁትም ነበር። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ያሳዩኝና ላርመው።»

የማሳያት ስህተት አልነበረም። «በኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። በሳምንቱ ተሰናበተች፤ ፋብሪካውም ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶ ነበር።

ተማሪዎቿን ተረከብኩ። «እንደ አንሻ ቃሉን እየከፋፈሉ ያስተምሩን» አሉኝ። እምቢ ብዬ አንድ ሳምንት ቆየሁ፤ ከዚያ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ቀይ ጠመኔም ገዛሁ። ተማሩልኝ። ጡረታ ስወጣ ርእሰ መምህሩ «አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ በማፍለቅ» የሚል የምስክር ወረቀት በጭብጨባ ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ስሟን አላነሣሁም። ዛሬም እቀናባታለሁ፤ ማስጨበጨቡ እንደሷ ሆኖልኝ አያውቅም።

መምህራን፣ የምትቀኑበትን ሰው ገምግሙ ከተባላችሁ አልችልም በሉ።