የሰርግ ማግስት ወጥ

እትዬ ወርቅአየሁ የሰርግ ወጥ ሠሪ ናት፤ እኔ ሽንኩርት ከታፊዋ ነኝ። ከየካ ሚካኤል እስከ መሪ ሰፈር ያልሠራንበት ድንኳን የለም። አብሯት የሠራ ያውቃታል፣ ነገረኛ ናት። ደጋሽ «ለአምስት መቶ ሰው ነው» ካላት፣ «አምስት መቶ ሰው ታውቃለህ?» ብላ ታፋጥጠዋለች። ሰው ለስሙ ሲል ደግሶ በማግስቱ ገንዳ ሲሞላ እኔንም ያንገበግበኛል፤ የእሷ ግን ከዚያ ያልፋል። የተረፈውን ወጥ እንግዳው ሳይበተን በሰፊ ትሪ አብርዳ፣ እኛው ፊት ቀምሳ፣ ወዲያው ለተቸገረ ትልካለች። በባልዲ ማሳደር ክልክል ነው።

ምክንያቱን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በሃምሳው፣ የተረፈ ምንቸት አብሽ መድፋት አሳዝኗት በትኩሱ በፕላስቲክ ባልዲ ከድና አሳደረችው። ጠዋት ስትከፍተው ሸተት አላት። «ምንም አይልም» አለች። እንጦጦ ማርያም ወስዳ ለጸበልተኞች አደለች። ገረሱ የሚባሉ ሽማግሌ ሳህናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ምርቃት መረቋት። በሳምንቱ ከሌላ ሰርግ ይዛ ስትመለስ፣ «ገረሱ አርፈዋል» አሏት። በምን እንደሞቱ ሳትጠይቅ ሮጣ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ድስት በከፈተች ቁጥር እነዚያ እጆች ይመጡባታል። ገድያቸው ይሆን እያለች ሰባት ዓመት ኖረች፤ ወደዚያ ደብርም ዝር አላለችም።

ባለፈው ሚያዝያ የአንዲት ሙሽራ እናት ስለት ነበረባቸውና፣ «የተረፈው ለእንጦጦ ማርያም ይሁን» አሉ። እትዬ እምቢ ማለት አልቻለችም። ዳገቱን ስንወጣ ከንፈሯ ደርቆ ሳያት አሳዘነችኝ።

እዚያ አካሉ የሚባሉ ዓይነ ስውር ጸበልተኛ አገኘን፤ የገረሱ ጎረቤት ነበሩ። እትዬ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ገረሱ የሞቱት የሰርግ ወጥ በልተው ነው እንዴ?»

«ያንን በባልዲ የመጣውን? ኧረ የለም ልጄ፣ ገረሱን የገደለው የቆየ የልብ በሽታው ነው። ወጡንማ አልቀመሰውም፣ ሸቶት ነበር። ያመጣችው ሴት እንዳታፍር ብሎ እስክትሄድ ይዞት ቆየና ደፋው። እኔንም እንዳትበላ አለኝ።»

እኔ እፎይ አልኩ። እሷ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ታዲያ የዚያን ቀን ምን በላችሁ?»



«የዚያን ቀን ሌላ ምግብ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም» አሉ አባባ አካሉ።