የአባዬ ስክሪን

ዛሬ ሲግናል ሰፈር ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ምስል አላመጣ አለ። ራም የምንለውን የማስታወሻ ካርዱን ነቅዬ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ስፈገፍግ፣ የላጲሱ ሽታ ወደ አባዬ ወሰደኝ።

አባዬ ወሰን ሰፈር፣ መንገድ ዳር ማመልከቻ በኮምፒውተር ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮምፒውተሩን ፈታቶ አገኘሁት።

"ላጲስሽን እስቲ ስጪኝ፤ ስክሪኑ ደብዝዟል" አለኝ።

ራሙን ፈግፍጎ መለሰው፤ የሞኒተሩን ገመድ ነቅሎ ሰካው፤ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨመረው። ስክሪኑ ዓይን እስኪወጋ ድረስ ቦግ አለ። እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ይታየኛል።

"አሁንም እንደደበዘዘ ነው። ለአንቺም እንደዚያ ነው አይደል?" አለኝ። እንዲህ ሲለማመጠኝ ሰምቼ አላውቅም።

"አዎ አባዬ" አልኩት።

"ተመስገን። እኔማ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር" አለና በረዥሙ ተነፈሰ። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሌላ ሞኒተር ገዛ፤ እሱም ደበዘዘበት። የዓይን ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ለማዳን ጊዜው አልፎ ነበር።

አሁን እሁድ እሁድ እጁን ይዤ የእንጦጦ ማርያምን ዳገት ወደ ጠበል አወጣዋለሁ።

"ዛሬ ደመና ነው እንዴ?" ይለኛል።

"አይደለም አባዬ፤ ፀሐይ ነው" እለዋለሁ።