ጽዋው ከቴሌቪዥኑ ላይ እስኪነሣ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ የበረዶ ክረምት ካለፈ በኋላ በነበረው ሙቀት፣ ቶሮንቶ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሰፈር በነበረው አፓርትመንታችን የጽዋ ማኅበራችንን የማስተናገድ ተራ ደረሰኝ። ዕለቱ ቅዳሜ ይመስለኛል፤ ይሁንና ማኅበራችን ዘወትር ቅዳሜ ይሰበሰብ ስለነበር፣ የማስታውሰው ዕለቱን ይሁን ልማዱን እርግጠኛ አይደለሁም።

ያን ጊዜ በአንድ ቤተ ሙከራ እሠራ ነበር። እኔ ያዘጋጀኋቸው የፕሮቲን ናሙናዎች፣ የምድር ስበት ሳያዛባቸው ወደ ክሪስታልነት እንዲያድጉ፣ አውሮፓውያን ለዚሁ በሠሩት ሳተላይት ተጭነው አንድ ዓመት ገደማ በጠፈር ሰነበቱ። ሳተላይቱ እዚያው የሚቀር አልነበረም፤ የጠፈር መንኮራኩር በዚችው በቶሮንቶ በተሠራ ሜካኒካል ክንድ ይዛ ልትመልሰው ሄዳለች። ያን ዕለት ጠዋት ግን ሁለት አንቴናዎቹ በትክክል አልታጠፍ አሉ ብለው ከሥራ ደወሉልኝ። እንዲህ ሆኖ መንኮራኩሯ ውስጥ መግባቱ አጠራጣሪ ነበር፤ ካልገባ የዓመት ድካሜ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጠፈርተኛ ወጥቶ በእጁ ሊገፋቸው ተወሰነ። በቴሌቪዥን የሚተላለፈው እንግዶቼ በሚገቡበት ሰዓት ነበር።

ቴሌቪዥኑን ደግሞ ባለቤቴ ነጭ ነጠላ አልብሳ፣ በጠባቧ ሳሎን ከእርሱ የተሻለ ከፍ ያለ ቦታ ስላልነበረ፣ ሥዕሉንና ጽዋውን አስቀምጣበታለች። ጽዋው ሳይነሣ ነጠላው አይገለጥም፤ አስተናጋጅም ከቤቱ አይወጣም።

እኛ ሙሴ የምንለው የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ታክሲ ነጂ ነበር፣ ዐይኔ የት እንደሚሄድ አይቶ፣ «ዶክተር ዛሬ የሚሳለሙት ሥዕሉን ነው ቴሌቪዥኑን?» ብሎ አሳቀብኝ።

ጸሎቱን ያሳጥሩልኛል ብዬ ቄሱን ጠጋ አልኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ናሙናዎቹ አንድም አልጠየቁኝ።

«ሰውየው ውጭ ነው ያለው?»

«አዎን አባታችን። በክንዱ ጫፍ ላይ ቆሞ።»

«ከበታቹ ምንም የለም?»

«ምንም።»

«እንግዲያስ ተነሡ፣ ልጆቼ» አሉ ወደ ሰዎቹ ዞረው። «ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አለ።»

የወትሮው ጸሎት አልበቃቸውም። አርባ አንዱን እግዚኦታ በጣታችን አንጓ እየቆጠርን ጨረስን፤ እንደገና አስጀመሩን። ሙሴው ዐይኑን ጨፍኖ ከልቡ ይለምን ነበር። ለእኔ ሲሉ በደከሙ ሰዎች መናደድ እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ ያን ዕለት ተማርሁ። ከነጠላው ጀርባ የሚሆነውን ለማየት አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ቀርቶኝ፣ ቆሜ እግዚኦ አልሁ።

ጽዋው ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ቤዝቦል ይታይ ነበር። ወደ ሥራ ቦታ ብደውል የሚያነሣ ጠፋ። አንቴናዎቹ መታጠፋቸውን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ቄሱ ግን ከበር ሳይወጡ፣ «አይዞህ፣ ገብቷል» ብለውኝ ነበር፤ በምን እንዳወቁ አልጠየቅሁም።

ናሙናዎቹ ተመለሱ። ሳተላይቱ ደጋግሞ እንዲበር የተሠራ ቢሆንም ዳግም አልበረረም፤ ጡረታ ወጥቶ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል አሉ።

ያ ነጭ ጓንት አንቴናውን ቀስ ብሎ ሲገፋ በግልጽ አስታውሳለሁ። ባለቤቴ «ከየት አምጥተህ?» ትለኛለች። በኋላ በዜና አይቼው ይሆናል ብዬ እከራከራታለሁ። ነገር ግን ምስሉ በመጣብኝ ቁጥር እግዚኦታው አብሮ ይሰማኛል፤ እግዚኦታው ሲደርስ ደግሞ ነጠላው አልተገለጠም ነበር።