በጳጉሜ ያቋረጥኩት መድኃኒት

መጀመሪያ የመጣው ላብ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ የአሶሳ ሙቀት ገና ሳይበርድ፣ ጠዋት ስነሳ ትራሴን እርጥብ ሆኖ አገኘው ነበር። ከዚያ ሳል ተከተለ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትኩሳት። በእኛ አገር ትኩሳት የያዘው ሰው ሐኪም አያስፈልገውም። ጎረቤቱ ሁሉ "ወባ ነው" ይለዋል፣ እሱም አምኖ የወባ ክኒን ይገዛል። እኔም ገዛሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

መካኒክ ነኝ። ከጉባ የሚመጣ የጭነት መኪና ግቢ ሲገባ ድምፁን ሰምቼ ምን እንደነካው እናገራለሁ። የራሴን ሳል ግን "አቧራ ነው፣ ወባ ነው" እያልኩ ሁለት ወር ሸነገልኩት። ሰኔ ላይ አክታዬ ውስጥ ደም አየሁ።

ያኔ ሄድኩ። አክታ ሰጠሁ። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና "የሳንባ ቲቢ ነው። ይድናል፤ ግን ስድስት ወር ሳታቋርጥ ትወስዳለህ" አለኝ። ቀጠለና "ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?" ሲል ጠየቀኝ።

አለች። ሶስና። አራት ዓመቷ ነው። በማግስቱ ይዣት ሄድኩ።

ሶስና ተመረመረች። ምልክት የለባትም ተባለና የመከላከያ መድኃኒት ተጀመረላት። እኔን ደግሞ ሐኪሙ "እስክንነግርህ ድረስ ለብቻህ ተኛ፤ በተቻለህ መጠን ውጭ ተቀመጥ፣ አየር ያግኝህ" አለኝ።

ውጭ! በአሶሳ ክረምት! ባለቤቴ ጽጌ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣችልኝ፣ ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ "ተፈጥሮን እያየህ መንፈስህን አረጋጋ" ይለኛል። ይህን የሚሉት በሙሉ ጤነኞች ናቸው። ልጁ በመስኮት እያየችው ማቀፍ ላልቻለ ሰው ዝናብ ምኑ ያረጋጋል?

ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ግን አየሁ። በአጥራችን ጥግ የቀርከሃ ቡቃያ መሬቱን ሰንጥቆ ወጣ፤ አንድ ጠዋት ጉልበቴ ጋ የነበረው በሳምንቱ ቁመቴን አለፈኝ። በአንድ ዝናብ እሱ እየወፈረ እኔ እየከሳሁ፣ እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት። ጎረቤታችን ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ ለጋ ለጋውን እየሰበረች ቀቅላ ትበላዋለች፣ ለእኛም ድርሻችንን ትተዋለች። ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ግድግዳውን ሲወጡ ዝናብ ሊመጣ መሆኑን አወቅኩ። ማንጎው ላይ አንድ ቢጫ ወፍ ጎጆውን ሠርቶ ሲጨርስ እንስቷ መጥታ አይታ ሄደች፤ እሱም በጣጥሶ ጣለውና እንደገና ጀመረ። እኔ ብሆን ተሳድቤ እተወው ነበር።

በዚህ መሃል በየጠዋቱ ክኒኔን እውጣለሁ። ሪፋምፒሲን በሚባለው ክኒን ሽንቴ ብርቱካናማ ሆነ፤ መጋጠሚያዬን እየቆረጠመኝ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ "አክታህ ነጻ ነው። ልጅህን ማቀፍ ትችላለህ። መድኃኒቱ ግን አራት ወር ይቀረዋል" አለኝ። የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አሮጌው ዓመት በሽታዬን ይዞ ይሂድ፣ ንጹሕ ሆኜ በእንቁጣጣሽ ጠዋት አቅፋታለሁ ብዬ ለሶስና ነገርኳት።

ወላጆቼ በደርግ ሰፈራ ከወሎ ሲመጡ የጳጉሜን ጾም ይዘው መጥተዋል፤ በሩፋኤል ቀን ዝናብ መታጠብንም እንዲሁ። ክኒን በውሃ መዋጥ ጾም ያስገድፋል። አምስት ቀን ብቻ ነው አልኩ። ለጽጌ ሳልነግር ተውኩት። በሩፋኤል ሸሚዜን አውልቄ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሳሉ ተመለሰ።

ሐዋ በአጥሩ በኩል ሰማችኝ። "የሶስና አባት፣ መድኃኒት በላህ?" አለችኝ። ስለ ጾሙ ነገርኳት። ቅርጫቷን አስቀመጠች። "እኛ ረመዳን ጊዜ በሽተኛ አይጾምም። ሲድን ይከፍላል። እናንተ ጋ እግዜር በሽተኛ አያውቅም እንዴ?"

ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ "ስንት ቀን?" አለችኝ። "ዛሬ አራተኛ።" "እዚሁ ፊቴ ዋጥ። አክታህ እንደገና ይመረመራል። ውጤቱ እስኪመጣ ልጅቷን አትቀርብም።" ውጤቱ ከበዓሉ በኋላ ነበር።

አዲሱ ዓመት ዘነበ። ክረምቱ አለፈ፣ ፀሐይ ወጣች የሚለው ዘፈን ለደጋ ሰው የተዘፈነ ነው፤ እኛ ጋ መስከረምም ዶፍ ነው። ሶስና አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ አበባ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"አባባ፣ ዛሬ ነው አይደል?"

"ዛሬ አይደለም።"

አበባውን ደፉ ላይ አስቀምጣ ገባች። ደም ከተፋሁበት ቀን ይህ ይብሳል።

ቀኑን ሙሉ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በራሴ ተቃጠልኩ። ዓመቱ መለወጡን ያወቅነው እኛ ብቻ ነን። ቀርከሃው አላወቀም፣ ዝናቡ አላወቀም፣ ሳንባዬ ውስጥ ያለውም ነገር ጳጉሜን አያውቅም። ዝናቡ የሚያቆመው ሲጨርስ ነው፤ መድኃኒቱም እንደዚያው። በዓል ጠርቼ ላሳጥረው የሞከርኩት እኔው ነኝ።

በአራተኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ ነጻ ነው። ቤት ደርሼ በርከክ ብዬ "ነይ" አልኳት። አልመጣችም። መጀመሪያ የእናቷን ፊት አየች። ጽጌ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ሶስና ቀስ ብላ መጣች።

የጎደሉትን ቀናት ጨምሬ፣ ጥር ሲገባ መድኃኒቱን ጨረስኩ። ሐኪሙን፣ የተቆጣችኝን ሲስተር፣ ጽጌን፣ ከሁሉም በላይ ሐዋን አመሰግናለሁ። አንተም አንቺም በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ወባ ነው አትበሉ፤ አክታችሁን ስጡ። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በዚያው ቀን ሄዳችሁ ተናገሩ፤ ቁጣ አይገድልም። ስለ ጾሙም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የንስሐ አባቴ ዘግይቼ ስነግራቸው "አንተን ማን ጹም አለህ?" ብለው ጮኹብኝ።

አሁን ጤነኛ ነኝ። ምሳ ላይ በርበሬ አንቆኝ ሳስል ግን ሶስና ሳህኗን ይዛ ወደ ኋላ ትላለች። "ድኛለሁ እኮ" እላታለሁ። "አውቃለሁ" ትለኛለች፤ ሳሉ እስኪያልፍ ግን አትመለስም።