የአጥሩ ሚስማር ላይ ያለው ኩባያ

ሞኝነቴን እኔው ቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው ከተናገረው ያጋንነዋል። ቦንጋ ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ «እኩልነት» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የጠመኔ ብናኝ እየዋጥኩ፣ በየቀኑ ጠዋት የምጠጣበት ኩባያ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰው አጠገቡ ያለውን አያይም ይባላል። እኔ ግን አየው ነበር፣ አነሳው ነበር፣ እጠጣበት ነበር። እንዲህ ያለ ዕውር ሥነ ዜጋ እንዲያስተምር ማን እንደፈቀደለት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ኩባያው ሰማያዊ ነው፤ የብረት፣ ከንፈሩ ላይ ቀለሙ የተላጠ። ግቢው በር አጠገብ፣ የአጥሩ ቋሚ ላይ በተመታ ሚስማር ተንጠልጥሎ ይውላል። የቤቱ ውሃ በርሜል ከሱ ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ነው። ቦንጋ ላይ ዝናብ እንግዳ ስላልሆነ በርሜሉ ጎድሎ አያውቅም። እኔን ደግሞ ከአልጋ የሚያወርደኝ የትምህርት ቤቱ ደወል ነው። በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ በሌላው ኩባያውን ከሚስማሩ አነሳለሁ፣ በርሜሉ ውስጥ እነክራለሁ፣ እጉመጠመጣለሁ፣ እጠጣለሁ፣ መልሼ እሰቅልና እሮጣለሁ። አከራያችን በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ሌሎቹ ተከራዮች ቀድመውኝ ወጥተዋል፤ የሚያየኝ የለም። ደግሞ በልቤ አመሰግናቸው ነበር፤ «ምን ዓይነት ሥርዓት ያለው ቤት ነው፣ ለተከራይ ኩባያ የሚሰቅል» እያልኩ።

አከራያችን ባላቸው የሞቱባቸው የቦንጋ ተወላጅ ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ክፍል ያከራያሉ፣ ለወንደላጤ ሠራተኛም በወር ኮንትራት ምሳ ያበላሉ። ሦስት ነበርን። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁት፤ ከወሎ የመጣ የሂሳብ መምህር፤ ሌላው ደግሞ የዚሁ አገር፣ የሺሺንዳ ልጅ የሆነ፣ ዞን መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው። ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። እትዬ ጉርሻቸውን ለሦስታችንም እኩል ያካፍላሉ፤ እምቢ ያለ ሰው «ታመምክ እንዴ?» ይባላል።

በየገበያው ቀን አንዲት ሴትዮ ከሰል ታመጣለች። ከጫካው ዳር ከሚገኝ መንደር ጆንያውን በጀርባዋ አዝላ፣ ያንን ዳገት ወጥታ ነው የምትደርሰው። አጥሩ ጋ ስትደርስ ታወርዳለች እንጂ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ዓይን አፋር ናት እል ነበር። እትዬ ከጆግ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከላይ ወደ ታች ውሃ ያንቆረቁሩላታል። ይሄንንም ሳይ፣ ቀሚሳቸው እንዳይረጥብ ተጠንቅቀው ነው እል ነበር። የምትጠጣው በምን እንደሆነ ለማየት አንገቴን ማዞር ብቻ ይበቃኝ ነበር። አላዞርኩም።

ከዚያ የዘጠና ሰባት ምርጫ መጣ። የገዢው ፓርቲ ምልክት ንብ ነው፤ ማር በሚቆረጥበት አገር ንብ የሚቃወም ሰው ምን ያህል ደፋር እንደሆነ አስቡት። የሂሳቡ መምህር ደፋር ነበር። የዞኑ ሰው ደግሞ የንቡ ነበር። ውጤቱ ተነገረ፣ ተካደ፣ አዲስ አበባ ሰው ሞተ ተባለ፤ በሬዲዮ የምንሰማውና በሹክሹክታ የምንሰማው አልገጥም አለ። ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ። እትዬ ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው ትሪውን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ ለተቃዋሚ። እኔ ገለልተኛ ስለሆንኩ ከሁለቱም እበላ ነበር። በዚያ ምርጫ የወፈርኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ግን ሆዴ ቢሞላም ልቤ አልቻለም። አንድ እሑድ፣ የቅርጫ ሥጋ ገዛሁና እትዬን አንድ ትሪ እንዲያቀርቡ ለመንኳቸው። ሁለቱን አስቀመጥኩ፣ ራሴን ሰብሳቢ አድርጌ ሾምኩ።

«አጀንዳው ምንድነው?» አለ የዞኑ ሰው፣ እጁን እየታጠበ።

«አጀንዳው መነጋገር ነው።»

«ከሱ ጋር?»

«ከኔ ጋር ተነጋገር፤ እሱ ይስማ።»

እንዲህ ብለን ጀመርን። መጀመሪያ የተነሳው ሰፋሪ ነው። ድርቅ ካጠቃቸው አገሮች ሰዎች በመኪና መጥተው በቆላው በኩል ሰፍረው ነበር፤ በከተማው ሁሉም ስለነሱ ነበር የሚያወራው።

«መጤ ይውጣ አላልኩም» አለ የዞኑ ሰው። «ደኑን ጨረሱት ነው ያልኩት። የአያቴ ቡና የነበረበት ዛሬ በቆሎ ነው። በሬ ተሰጣቸው፣ ስንዴ ተሰፈረላቸው። በራስ መቻል የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

«ለሰብሳቢው ልናገር» አለ የሂሳቡ መምህር ወደኔ ዞሮ። «በራስ መቻል የሚለው ሰውዬ፣ አበል ሳይቆረጥለት ስብሰባ ገብቶ ያውቃል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።»

«አበል መብቴ ነው።»

«የነሱም ስንዴ መብታቸው ነው። የአክስቴ ልጅ አብሯቸው መጥቷል። ዝናብ እምቢ ብሎት እንጂ የናንተ ጭቃ ናፍቆት አይደለም። ደግሞ ጭኖ ያመጣቸው መንግሥትህ ነው፤ ቅሬታህን እዚያው ስብሰባህ ላይ ለምን አትናገርም?»

የዞኑ ሰው ሥጋውን አላመጠ። ጠዋት ቢሮ ደግፎ ምሳ ላይ የሚቃወመው ጉዳይ ነበር።

«እኔም መጤ ነኝ እኮ» አልኩ፣ ነገሩን ላለዝብ።

«አንተ መጤ አይደለህም» አለ። «መጤ እንኳ ከየት ወገን እንደሆነ ይታወቃል።»

የሂሳቡ መምህር ሳቀ። ከምርጫው ወዲህ በዚህ ሰው ቀልድ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ሰብሳቢነቴ እንደሠራ ገባኝና ኩራቴ ወንበሩን ሊሰብረው ደረሰ።

ከዚያ የሂሳቡ መምህር ተነሳሳ። «እሺ፣ ሰፋሪውን ተወው። እዚሁ ተወልደው እንደ ሰው የማይቆጠሩ አሉ አይደል? ማንጆዎቹ። አደን አድነው የዱር ሥጋ ይበሉ ነበር እየተባለ ቤት አይገቡም፣ አብሯቸው የሚበላ የለም። ብሔር ብሔረሰብ እኩል ነው እያላችሁ ታጨበጭባላችሁ፤ ለነሱ ምን አደረጋችሁ?»

«ብዙ አድርገናል» አለ የዞኑ ሰው። «ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገብተዋል። እኔ ራሴ በስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው፣ ይሄ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ይቅር ብዬ ተናግሬያለሁ።»

«በዚህስ እስማማለሁ» አለ የሂሳቡ መምህር።

ተስማሙ። ሁለቱ። እኔ በደስታ አበድኩ። «ቆይ፣ ውሃ ጠምቷችኋል» ብዬ ወጣሁ። ኩባያዬን ከሚስማሩ አነሳሁ፣ በርሜሉ ውስጥ ነከርኩ፣ በመንገዴ ግማሹን ጠጣሁ፣ የቀረውን ይዤ ገብቼ ለዞኑ ሰው ዘረጋሁለት። «እንካ፤ ሦስታችንም ከአንድ በርሜል ነው የምንጠጣው» አልኩ። ንግግሬ ገና ይቀጥል ነበር።

አልተቀበለኝም። ኩባያውን አየ። የሂሳቡ መምህርም አየ። እትዬ ከጓዳ ወጥ ይዘው ብቅ አሉና በር ላይ ቆሙ።

«ያንን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

«ከሚስማሩ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ልጠጣበት ነዋ እትዬ። ሁልጊዜ የምጠጣበት ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ጠዋት ጠዋት።»

እትዬ ድስቱን መሬት ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡ። «በምን ቀድተህ?» አሉ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«በሱ በራሱ። ከበርሜሉ ነክሬ።»

ከዚያ የሂሳቡ መምህር፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ስለማንጆዎቹ ያን ሁሉ የተናገረው ሰው፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወጣ። ሲተፋ ሰማሁት። የዞኑ ሰው ግንባሩን ያዘ።

«አንተ ልጅ» አሉ እትዬ፣ «የከሰሏ ሴትዮ ኩባያ እኮ ነው። እሷ ማንጆ ናት።»

አሁን አንገቴ ዞረ። ከፍ ብሎ የሚንቆረቆረው ውሃ፣ አጥሩ ጋ የሚቀረው ጆንያ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። የደነገጥኩት በነሱ ልማድ ብቻ አይደለም። ዓይኔ ሥር ሆኖ ስላላየሁት ነው።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?» አልኩ። «ይኸው ከመጣሁ ጀምሮ የበርሜሉን ውሃ ስትጠጡ ነው የኖራችሁት። የታመመ አለ?»

ይሄን ባልናገር ይሻለኝ ነበር። የስንት ጊዜ ውሃ እንደጠጡ እነሱ ገና ያላሰሉትን እኔ አሰላሁላቸው። የሂሳብ መምህሩ እንኳ እዚያ አልደረሰም ነበር።

ቀጥሎ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሂሳቡ መምህር አፉን እየጠረገ ተመለሰና ለዞኑ ሰው፣ እዩልኝ፣ በቀጥታ ለሱ፣ «በርሜሉን እንድፋው?» አለው። «ያዝ በዚያ በኩል» አለው የዞኑ ሰው። ምርጫው ከመጣ ወዲህ ዓይን ለዓይን ያልተያዩ ሁለት ሰዎች በርሜሉን ግራና ቀኝ ይዘው «ቀስ፣ ቀስ በል፣ ወገብህን» እየተባባሉ ውሃውን ቦዩ ውስጥ ገለበጡት። አመድ አምጥተው አብረው ፈተጉት። አንዱ ሲደክመው ሌላው ተቀበለው። እኔ ኩባያዬን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። አስታራቂው እኔ ነኝ መቼም።

«አንተ እኮ ከወሎ ነው የመጣኸው» አልኩት የሂሳቡን መምህር። «ይሄን መቼ ተማርከው?»

ቀና ሳይል «የአገሩን ልማድ ማክበር ነው» አለኝ።

«አሁን እኮ ቅድም...»

«ቅድም ስለ መብት ነው። ይሄ ስለ ውሃ ነው።»

የዞኑ ሰው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

እልህ ያዘኝ። ኩባያውን ከፍ አድርጌ «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ የኔ ነው፤ በሌላ አልጠጣም» አልኩና ክፍሌ አስገባሁት። እትዬ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ምሳዬን በአረንጓዴ የፕላስቲክ ሳህን ለብቻዬ ሰጡኝ። «ጠበል እስክትጠመቅ ነው፤ ከዚያ ትመለሳለህ» አሉኝ፣ እንደታመመ ልጅ እያባበሉ። ጉርሻ ቀረብኝ። ሁለቱ ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ እየተሳሳቁ፣ እኔ በሩ አጠገብ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ስበላ የሰበሰብኩት ሥጋ ሁሉ ረገፈ። ቢሆንም እንደ ጀግና ነበር የምቆጥረው ራሴን። ሰማያዊውን ኩባያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሳየው፣ ብቻዬን ከተማውን የታገልኩ ይመስለኝ ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሴትዮዋ ከነጆንያዋ መጣች። ዝናቡ ጧት ጥሎ ዳገቱ ጭቃ ነበር፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጠቁሯል። አወረደች፣ ወገቧን አቃናች፣ ዞር ሳትል እጇን ወደ ሚስማሩ ሰደደች። ሚስማሩ ባዶ ነው። እጇ እዚያው ቀረ።

እትዬ ጆጋቸውን ይዘው ወጡ፤ እሳቸውም ባዶውን ሚስማር አዩ። «ኩባያ የለም» አሉ። የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙ። ጆጉ ሞልቷል፣ ሴትዮዋ ተጠምታለች፤ በመሃል ኩባያ ስለሌለ ውሃው መተላለፍ አልቻለም። ያኔ ነው ያወቅሁት፤ በዚያ ሰፈር ለሷ ኩባያ የሚያስቀምጡት እትዬ ብቻ ነበሩ። ሌላው ከሰሉን ይወስድና በሩን ይዘጋል። እሳቸው በሰፈሩ ደግ የሚባሉት በዚህ ጭምር ነበር።

እኔ ከክፍሌ ኩባያውን ይዤ ወጣሁ። የምናገረውን ሌሊት ሳዘጋጀው አድሬአለሁ።

«እናቴ» አልኳት፣ «በእርስዎ ኩባያ እኔም ጠጥቻለሁ። ለሁሉም ነግሬአቸዋለሁ። ከእርስዎ ጎን ነኝ፤ ሰው ሁሉ እኩል ነው።»

እርስዎ ስላት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ ከጀርባዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት። ማንም አልነበረም። ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ኩባያውን አየች።

«ጋሼ፣ ቤትህ ሌላ ኩባያ የለም?» አለችኝ፣ ረጋ ባለ አማርኛዋ።

«አለ። ብርጭቆ አለኝ።»

እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። እትዬ ከላይ አንቆረቆሩላት፤ ጠጣች፣ ደግማ ዘረጋች፣ ደግማ ጠጣች። ያ ሁሉ ዳገት ጉሮሮዋ ላይ ይታይ ነበር። ሲበቃት የቀረውን ጠብታ አራገፈች፣ ከንፈሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ እኔ ጠጥቼበታለሁ ስላልኳት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ሁለቴ ጠረገችው። ከዚያ ራሷ ወስዳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ እንዳይወድቅ መታ መታ አደረገችው። ጆንያዋን ልትፈታ ጎንበስ ካለች በኋላ ነው ቀና ብላ የተናገረችኝ።

«አንተ ጋሼ፣ የትም ትጠጣለህ። ለኔ ሌላው ቤት ሚስማርም የለ። ይቺን አታውርድብኝ።»