ሰው አድርገህ ሳለው

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ከቤቴ ጎን ያለው አናጺ የቆዳ ሙጫ ሲያፈላ ሽታው በመስኮት ይገባል። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ሥራዬን አቁሜ እቀመጣለሁ። አንኮበር፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ተቃጥሎ እንደ ነገሩ በተከደነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የኔታ ቀለም የሚይዙበትን ሙጫ ሲያማስሉ ይታየኛል።

የኔታ ቄስም ሠዓሊም ነበሩ፤ ሥዕል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደግ አልነበሩም፤ ነበሩ የሚል ካለ ይዋሻል። ጨርቅ ላይ በከሰል የሳልኩትን ቆመው ያያሉ፣ ያልወደዱትን በዶሮ ላባ ጠረግ ያደርጉታል። የቀን ሙሉ ልፋቴ ዱቄት ሆኖ እግሬ ላይ ይራገፋል። «ይሄ መልአክ ጥርሱን አሞታል እንዴ?» ይሉኛል። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቀለም እንድነካ እንዲፈቅዱልኝ።

የጌታን ግርፋት ስጀምር ወንድሜን ሶላቶዎች፣ የጣሊያን ወታደሮች፣ ከገደሉት ወር አልሞላውም ነበር። ገራፊውን ሶላቶ አደረግሁት፤ ቀንድ አበቀልኩለት፣ ክራንቻ ጨመርኩለት። የኔታ አዩና ላባቸውን አነሡ።

«ይሄ ጅብ ነው። ጌታን ጅብ አልገረፈውም።»

«ወንድሜን የበላው ጅብ ነው፣ የኔታ።»

«ሰው ነው የገደለው። ክፋቱም ሰው መሆኑ ነው። ሂድ፣ የጣሊያኖቹ ምሽግ በር ላይ ቁምና እያቸው። ሰው አድርገህ ሳለው፤ ካልሆነልህ ግድግዳዬን አትንካ።»

በሆዴ እየረገምኳቸው ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ሶላቶ እያፏጨ ድንች ይልጣል። ገና ለጋ ነው፤ አፍንጫው በአንኮበር ብርድ ቀልቷል። ደስ የሚል ፊት ነበረው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ተመልሼ እሱኑ ሳልኩት። በእኛ ወግ ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሳለው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ።

የኔታ ቆመው ቆመው አዩት። ላባቸውን ግን አላነሡም።

«ጆሮው ትልቅ ሆነብህ» አሉና የቀለሙን ጣሳ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ጆሮውን ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ግድግዳው ላይ ጀመርኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ ዛሬ ጋዜጣው እንዲህ ያለውን እርማት «ሂስ» ሲለው አነባለሁ። የሥዕል ተማሪዎችም እየመጡ ሂስ ይስጡን ይሉኛል። አንዱን «የሳልከው እጅ ማንኪያ ይመስላል» ብለው አኩርፎ ሄደ። ይሂድ።

ያኔ ግድግዳው ሳያልቅ ጣሊያን ካህናቱን መልቀም ጀመረ። የኔታንም የፊጥኝ አስረው ወሰዷቸው። ጠመንጃ ደግኖ ከጎናቸው የሚሄደው ያ ድንች ላጩ ነበር። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ አለቅሳለሁ። የኔታ አጠገቤ ሲደርሱ የልጁን ፊት በጎን አዩት፤ ሥራዬን ሲያዩ እንደሚያዩት፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጆሮው ልክ ነው። እንዳትነካው።»

አልተመለሱም። የቀረውን ብቻዬን ጨረስኩት። የመጣው ሰው ሁሉ ግሩም ነው፣ እጅህ ይባረክ አለኝ። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ግድግዳው ፊት ቆምኩ፤ የቱ ጋ እንዳበላሸሁ የሚነግረኝ አልነበረም።